ጆሮ ያልተሾመበት አገር

ሳስተምር በነበረበት ዘመን የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር የተማሪዎቼን ስም አለመርሳቴ ነበር። ሁለት መቶ ተማሪ ቢሰጡኝ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም በየስሙ እጠራለሁ። ይህን ኩራቴን ያበረደልኝ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሚዛን ተፈሪ የመጣ አንድ ልጅ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር፣ ጽሑፉ ግን ተነቦ የማይጠገብ ልጅ ነበር። ስሙ የቤንች ስም ነው፤ አጭር፣ በእኛ ፊደል ሁለት ሆሄ ብቻ የሚፈጅ። እንደተጻፈው አነበብኩት፣ እንዳነበብኩት ጠራሁት፤ እሱም አራት ዓመት ሙሉ «አቤት» አለኝ።

የተመረቀ ዕለት ጋዋኑን እንደለበሰ መጥቶ እጄን ያዘ። «መምህር፣ ሳልነግርዎ ብሄድ ይቆጨኛል። እስከ ዛሬ አቤት ስል የኖርኩት በሰው ስም ነው።»

«በማን ስም?»

«እሱን እኔም አላውቀውም። እርስዎ ሲጠሩት ነው የሰማሁት» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትክክለኛ ስሙን ነገረኝ። እኔ ከምጠራው ጋር ምንም ልዩነት አልሰማሁበትም። ደግሜ አልኩት፤ «አይደለም» አለ። አሁንም አልኩት። «ይተዉት መምህር፣ አንድ ቀን ይደርሱበታል» ብሎኝ ወደ ዘመዶቹ ሄደ።

ነገሩ ከንክኖኝ የቋንቋ ጥናት ባልደረባዬን ጠየቅሁት። «አንተ እኮ የሰማኸው ፊደሉን ነው፤ ዜማውን ጥለኸዋል» አለኝ። አማርኛ ማጥበቅና ማላላት አለው፤ «አለ» ላልቶ ሲነገር አንድ ሰው ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ የውጭ አገር ሰው ይህን ሲያምታታ እንስቃለን። ቤንችኛ ደግሞ ቃልን ከቃል በድምፅ ከፍታ ይለያል። ቋንቋውን ያጠኑ ሊቃውንት አምስት እርከን ቆጥረውለታል፤ ስድስተኛ ደግሞ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ አለ። አምስት እርከን ያላቸው ቋንቋዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ከዚህም የተነሳ የቤንች ወንዶች ከኮረብታ ኮረብታ በፉጨት ይነጋገራሉ። ልብ በሉ፣ እንደ እኛ እረኞች ለመጠራራት ብቻ አይደለም፤ ወሬ ያወራሉ። በከንፈር ያፏጩታል፣ ሁለት መዳፍን አጋጥመው ያፏጩታል፣ በክራርም ይመቱታል፤ ሰሚው ከዜማው ብቻ ቃሉን ያገኘዋል። እንግዲህ ያ ልጅ ከእንደዚህ ያለ የጆሮ አገር ወጥቶ ነው እኔ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት የሌላ ሰው ሆኖ የተቀመጠው።

ዛሬ በየሆቴሉ አዳራሽ «ንቁ አድማጭነት» የሚባል ሥልጠና ይሰጣል። አበልም አለው። የተናጋሪውን ዓይን እዩ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ አታቋርጡ፣ ራሳችሁን ነቅንቁ ይላሉ። ክፋት የለውም። እኔ ግን የዚያን ልጅ ዓይን አራት ዓመት አይቻለሁ፤ ራሴንም ነቅንቄያለሁ። አለመስማቴን ያላወቅሁት የሰማሁ ስለመሰለኝ ነው። ይህ የእኔ የግል ድክመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ አላወጣውም ነበር። የደቡብ ምዕራብን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ግን ያንኑ የክፍል መዝገብ የማነብ እየመሰለኝ ተቸገርኩ።

በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋን መንግሥት ካስገበረ በኋላ የመሐል አገሩ ሰው ወደነዚያ ደኖች ሲዘልቅ ያገኘውን ሕዝብ ሁሉ ስም አወጣለት፤ ወይም ጎረቤት ያወጣለትን ስም ተቀብሎ መዘገበው። ቤንቾቹን ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ጠቅልሎ «ጊሚራ» አለ። ሸካቾዎቹን «ሞቻ»፣ መዠንገሮቹን «ማሶንጎ»፣ ሜኢኖቹን «ትሻና» አለ። ከዚህ የባሰ የቆዳ ስምም ነበር፤ እሱን አልደግመውም። እነዚህ ስሞች የጠጅ ቤት ወሬ አልነበሩም፤ የመንግሥት ወረቀት ላይ ሰፍረዋል። ጊሚራ በካፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ሞቻ በኢሉባቦር አውራጃ ሆነው እስከ ደርግ ዘመን ዘልቀዋል። በእነዚያ ዓመታት ግብር የከፈለ፣ የተከሰሰ፣ ከዚያም ቀደም ባለው ጊዜ ከማጂና ከጊሚራ አካባቢ እንደ ከብት ተነድቶ ለባርነት የተሸጠ ሰው ሁሉ የተቆጠረው እናቱ በማታውቀው ስም ነው። «አንተ ራስህን ማን ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ያስወጣ ነበር? ምንም። ግን ጥያቄው የሚመጣው መልሱ ያስፈልገኛል ብሎ ከሚያስብ ሰው ነው፤ ለአስገባሪ ደግሞ የሚያስፈልገው ቁጥሩ ነበር።

ፈረንጁም ከእኛ አልተሻለም። ማጂ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። ካፒቴን ዋሊ የሚባለው ቆንስል እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጣልያን አገራችንን በወረረበት ወራት ማለት ነው፣ ጌሻ ከሚባለው አካባቢ ደን የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከዚያ ታንጋኒካ ሊያሙንጉ ወደሚባል የምርምር ጣቢያ፣ በ1953 ደግሞ ወደ ኮስታሪካ ተሻገረ፤ ቀስ ብሎም ፓናማ ገባ። ለረጅም ጊዜ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም፤ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው ብለው ገበሬዎቹ ሸሹት። በ2004 ግን አንድ የፓናማ ቤተሰብ ለውድድር አቀረበውና ተራው ቡና በዓለም ገበያ ከአንድ ዶላር በታች በሚሸጥበት ዘመን አንዱ ፓውንድ ከሃያ ዶላር በላይ አወጣ። ዓለም ጉድ አለ። የቡናው ስም ማን ይባላል? «ጌይሻ»! ወረቀቱን የሞላው ሰው ጌሻ ሲሉት የሰማው የሚያውቀውን ቃል ነው፤ የጃፓን አጫዋች ሴቶች የሚጠሩበትን። ዛሬ በቶኪዮም በኒውዮርክም ስለዚህ ቡና የሚያወራ ሰው ደኑን ሳይሆን ኪሞኖ ያስባል። አንዳንዶቹ አሁን አሁን ማረም ጀምረዋል፤ ማሸጊያው ላይ «ጌሻ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ሰባ ዓመት የፈጀ እርማት ነው።

ሰሚው የሰማውን ሳይሆን የሚያውቀውን ጻፈ። ነገሩ ሁሉ ይኼው ነው። እኔም መዝገቤ ላይ ያደረግኩት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ወደ ቃላት መሄድ አይቀርለትምና ትንሽ ታገሡኝ። አማርኛ የሥልጣን ስም አያጥረውም። አፈ ንጉሥ ነበረን፤ ትልቅ ዳኛ ነው። አፈ ጉባኤ ዛሬም አለን። አፈ ቀላጤም አለ፤ እሱ እንኳ ማዕረጉ ቀርቶ ስድብ ሆኗል። ለጠጅ ሳይቀር አሳላፊ ተሹሞ ነበር። ጆሮስ? ጆሮ ያገኘው ሹመት አንድ ብቻ ነው፤ ጆሮ ጠቢ። አፍ በአደባባይ ሲሾም ጆሮ በጓሮ በር ገብቶ ሰላይ ሆነ።

ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር የሚለውን የሚያነሳብኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ያማረ ልማድ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ እረኛው ምን አለ የተባለው ስለ ንጉሡ ምን አለ ለማለት ነው። እረኛው ስለ ራሱ፣ ስለ ሳሩ፣ ስለ ራቡ የዘፈነውን ወደ ቤተ መንግሥት የሚያመላልስ ሰው አልነበረም።

ደግሞ የድሮውን ሙግት ጥቀሱብኝ፤ በላ ልበልሃን፣ ተጠየቅን። እዚያ ላይ ጆሮ ሥራ ላይ እንደነበረ አልክድም። ተሟጋቹ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያስያዘ በሚከራከርበት አደባባይ ባላጋራው የሚናገረውን አንዲት ቃል ያልያዘ ሰው ይረታል። ተማሪዎቼ የዚህን ሙግት ውበት እንዲያዩ ስንት ጊዜ ደክሜያለሁ! ዛሬ ሳስበው ግን ያ ጆሮ የአዳኝ ጆሮ ነው። የሚያደፍጠው ባላጋራው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ለመያዝ ነው። የወረስነውም ይህንኑ ይመስለኛል። ባልና ሚስት ሲነታረኩ፣ ሁለት ምሁራን በሬዲዮ ሲከራከሩ፣ የእድር ስብሰባ ሲጦፍ ስሙ፤ ሁሉም በደንብ ይደማመጣል፣ ቃል በቃል ይደማመጣል፤ ለመርታት።

በ1951 እ.ኤ.አ. ካርል ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በአንድ ጉባኤ ላይ ተነስቶ ለክርክር የሚሆን አንድ ሕግ ሐሳብ አቀረበ። ማንም ሰው የራሱን ከመናገሩ በፊት ከእሱ በፊት የተናገረው ሰው ያለውን፣ የተሰማውንም ጭምር፣ በራሱ ቃል መልሶ ይንገረው፤ ባለቤቱም «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ብሎ እስኪያምንለት ድረስ ተራው አይድረሰው። ስድስት ዓመት ቆይቶ ከባልደረባው ከሪቻርድ ፋርሰን ጋር «ንቁ ማዳመጥ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በሆቴሉ አዳራሽ የሚሰጠው ሥልጠና ዘሩ ከዚያ ነው። ሥልጠናው ግን ዓይን ማየቱንና ራስ መነቅነቁን አጉልቶ ሕጉን ያሳንሰዋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሕጉ ያስፈራል፤ ሮጀርስ ራሱ እንዳለው ሌላውን ሰው ከልብ የሰማ ሰው ሊለወጥ ይችላል። ማን መለወጥ ይፈልጋል?

ይህን ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ያ ተማሪዬ፣ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ነበር፣ ጋብዞኝ በጅማና በቦንጋ አድርጌ ሚዛን ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ አጎቱ ቤት ወሰደኝ። ቤቱ በቡናና በእንሰት ተከቧል። የቤቱ እመቤት ጨሞ አቀረቡልን። ለማታውቁት፣ ጨሞ የቡና ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ተወቅጦ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከሌላም ቅመም ጋር በሸክላ ይፈላና በቅል ይጠጣል። ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ቅል ላይ ግን ሰው ይለምደዋል።

እኔም ወግ ለመጀመር ያህል «ዘንድሮ ቡና ስንት አወጣ?» አልኩ። ተማሪዬ አስተረጎመ። አዛውንቱ ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ሌላ ነገር ልጨምር አፌን ስከፍት ተማሪዬ በእጁ ከለከለኝ። ከዚያ አጎቱ ተናገሩ፤ ልጁም፦ «‹እንግዳው የሚጠይቀኝ ቡናው ገበያ ላይ ያወጣውን ነው ወይስ እዚህ ቤት የገባውን?› ነው የሚሉዎት።»

እውነቱን ለመናገር እኔ የጠየቅሁት ምንም አልነበረም፤ አፍ ማሟሻ ነው። ግን ስለተያዝኩ «እዚህ ቤት የገባውን» አልኩ።

አሁንም አላመኑኝም። «‹እንግዲህ የሚፈልጉት የነጋዴው፣ የለቃሚው፣ የዕዳው ተነስቶ የተረፈኝን እንድነግርዎ ነው። እንዲህ ነው?› ይላሉ።»

«አዎ፣ እንዲህ ነው።»

አዛውንቱ በእጃቸው የያዙትን ቅል ከፍ አደረጉት። አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ። ተማሪዬ ሊተረጉመው ፈለገና ሳቁ አሸነፈው።

«ቅጠሉ፣ ነው የሚሉዎት።»

ከዚያ ቤት ስንወጣ ወደ ቴፒ የሚወስደውን መንገድ ያዝን፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሳቅ አይበረክትም። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ቴፒ ላይ የሆነውን አዲስ አበባ ሆነን በግል ጋዜጦች ላይ አንብበናል። ሸኮዎችና መዠንገሮች የየኪ ወረዳ በማን ሥር ይተዳደር፣ እኛስ የት ነን የሚል ጥያቄ ለዓመታት ይዘው ኖረዋል። አቤቱታቸው ያልደረሰበት ቢሮ የለም ይባላል። መጨረሻው ጥይት ሆነ፤ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ጫካ ገባ። የሞተው ሰው ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ ትንሹም ቁጥር ትንሽ አልነበረም። ተማሪዬ መንገድ ላይ ሳለን ብዙ አላወራኝም። አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ «መምህር፣ ለአቤቱታ የሚሰጠው መልስ ‹ጥያቄያችሁ ተሰምቷል› የሚል ነው። ሰዋስው አስተምረውኛል። ‹ተሰምቷል› የሚለው ግስ ባለቤቱ ማነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ይህች ተገብሮ ግስ የመንግሥታችን ሁሉ የጋራ ቅርስ ናት። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ተነሺውንም ተቀባዩንም ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘም፤ «ታምኖበታል» ግን ተብሏል። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አጣምሮ «ወጋጎዳ» የሚል ስም ያወጣ መጽሐፍ ለተማሪዎች ታትሞ ሲቀርብ «ተጠንቷል» ተባለ። ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ ሰው ሞተ፣ መጽሐፉ ተሰበሰበ። አራት ሕዝብ የገዛ አፉን ቋንቋ ተጨፍልቆ ሲያገኘው ምን ይላል ብሎ አስቀድሞ ለመገመት ሊቅ መሆን ያስፈልግ ነበር?

ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. የሆነውን ብዙ ሰው ሲስቅበት እኔ መሳቅ ያቃተኝ ለዚህ ነው። መስከረም 20 ቀን ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በኅዳር ወር አስራ አንደኛው ክልል ተመሠረተ፤ ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ አንድ ላይ። ዋና ከተማው የት ይሁን ሲባል መልሱ አራት ሆነ፤ አስተዳደሩ ቦንጋ፣ ምክር ቤቱ ተርጫ፣ የብሔረሰቦች ምክር ቤቱ ቴፒ፣ ፍርድ ቤቱ ሚዛን አማን። ለአንድ ክልል አራት መዲና! አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ወጪውን አሰላን፣ ነዳጁን አሰላን፤ እኔም አሰልቻለሁ። በእርግጥም ውድ ነው። የአካባቢው ጣጣ ሁሉ በዚህ አለቀ የሚል የዋህም አይደለሁም፤ የሌላው ብሔረሰብ «እኛስ?» ገና አልተቋጨም። ነገር ግን የመጨረሻው ቃል የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ሳይጸድቅ የቀረበት፣ አራት የተለያየ «እኛስ?» በአንድ ወረቀት ላይ ተመልሶ የተነበበበት ውሳኔ በዚያ አገር ታሪክ ስንት ጊዜ አጋጥሞናል?

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ሚዛን ሄጃለሁ። ተማሪዬ ፀጉሩ ሸብቷል። በአራቱ ከተማ ነገር ላይ እንዲያማ ጎተጎትኩት፤ «ይደክማል» አለኝ። «አንድ ጉዳይ ቦንጋ ሄደህ፣ ሌላው ተርጫ ሄደህ ነው የሚያልቅልህ። ግን ድሮ ሁሉም ሐዋሳ ነበር፤ ሐዋሳ ደግሞ ስደርስ ስሜን በእርስዎ ዜማ ነበር የሚጠሩኝ።»

ማታ ላይ ከግቢው ጀርባ ካለው ተረተር ላይ ቆመን ነበር። ከማዶው ኮረብታ ፉጨት መጣ፤ ወፍ መስሎኝ ነበር። ተማሪዬ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ መለሰ። ማዶው ጠየቀ፣ ይኼኛው መለሰ፤ ረዘም ያለ ጨዋታ ነው።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«እንግዳህ ማነው ይለኛል።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ስምዎን ነገርኩት።»

«በፉጨት? እስቲ ድገመው።»

ደገመልኝ። አራት ድምፅ ናት፤ ሁለቱ ወደ ላይ፣ አንዷ ዝቅ፣ የመጨረሻዋ መሃል ላይ የምትቀር። ማዶ ያለው ሰው ሰምቷት ኖሮ ወዲያው መልሶ አፏጨልኝ። እኔ ጆሮዬን አቁሜ፣ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ስሜን አላወቅሁትም።